ልደታ በአይ ነው በኢ?

ሠርካዲስ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ሦስቱንም ዓመት አሁን በተቀመጠችበት ወንበር ላይ መጨረስ ትፈልጋለች።

ወንበሩ ያለው ልደታ፣ አንድ የግል ላቦራቶሪ የውጤት ክፍል ውስጥ ነው። ደሙ የሚመረመረው ተክለ ሃይማኖት ባለው ቅርንጫፍ ነው፤ ውጤቱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሠርካዲስ ጠዋት ጠዋት ከልደታ ሆና በኔትወርክ ትገባና ውጤቱን አትማ በመስኮት ትሰጣለች። ለመግባት አሥራ አራት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የይለፍ ቃል ይጠየቃል። በየወሩ ይቀየራል። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ለአንድ ሰዓት ይዘጋበታል።

ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት ያብጣሉ። ባለፈው ወር አራት ጊዜ ተዘግቶባታል። አራቱንም ጊዜ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ደርሷል።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ሃኒ መጣች።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ አዲሱ የይለፍ ቃል ሐሙስ ይደርስዎታል። እንደገና ከተዘጋ ካርድ ክፍል አዛውርዎታለሁ። አይቀየሙኝ።»

ካርድ ክፍሉ ተክለ ሃይማኖት ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው።

የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች የሚይዘው ጀይላን፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ረቡዕ ጠዋት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የይለፍ ቃሉን ላስቀርልዎት ነው።»

«ያለ ቁልፍ? የመጣው ሁሉ ሊገባ?»

«በር ላይ ያለው ጥበቃ እርስዎን መታወቂያ ይጠይቅዎታል?»

«ይሞክራ!»

«ስለሚያውቅዎት ነው። የተክለ ሃይማኖቱ ኮምፒውተርም የሚያምናቸው ዝርዝር አለው። የዚህን ኮምፒውተር ስምና የእርስዎን ስም እዚያ አስገባለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ እንደ ድሮው ይጠየቃል።»

ሃኒ ሰማች። «እስከ ምሳ ሰዓት» አለች። «ካልሆነ ባለበት ይቅር።»

ጀይላን ጻፈ፣ ሞከረ። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። ጠየቀ። ስልክ ደውሎ የተክለ ሃይማኖቱን አስጠፍቶ አስነሳው። ጠየቀ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

«ጀለሴ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለው ኮምፒውተሩን።

«ስሙን የጻፍክበትን አሳየኝ» አለች ሠርካዲስ።

«እትዬ፣ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«አንተማ አንብበኸዋል። እኔ ልየው።»

ሠርካዲስ ላቦራቶሪው ከመግባቷ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ከልደታ ፍርድ ቤት ማዶ በታይፕ ማመልከቻ ጽፋለች። እዚያ በስም ላይ የምትሳሳት አንዲት ፊደል አንዱን ሰው ሁለት ታደርገዋለች፤ ሁለቱም ስም የእሱ መሆኑን ለማስረዳት ባለጉዳዩ ምስክር ፍለጋ ይዞራል። ስለዚህ ጎበዝ ታይፒስት ስም አያነብም። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ፊደል በፊደል ይቆጥራል።

እስክሪብቶዋን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ዝርዝሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ከገባው ጀመረች።

«ኤ። ቲ። ኢ። ዲ። አይ። ኤል።»

ቀጥላ ኮምፒውተሩ ራሱን ወደሚጠራበት ስም አለፈች።

«ኤ። ቲ። ኢ። ዲ። ኢ።» እስክሪብቶው ቆመ። «ያንተ ልደታ በአይ ነው። የኮምፒውተሩ ልደታ በኢ ነው።»

ጀይላን ተጠግቶ አየ። የኮምፒውተሩን ስም ያወጣው ከእሱ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው።

«ልደታን በኢ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሁሉም እንደ ሰማው ይጽፋል። የእኔን ስም በእንግሊዝኛ በአራት ዓይነት ጽፈውልኛል።»

«አራዳ ነዎት እኮ!»

«ወሬውን ተውና አስተካክል።»

አንዲት ፊደል ቀየረ። ሠርካዲስ ባላበጠው ጣቷ ትእዛዙን ጻፈች። ምንም አልተጠየቀችም። የጠዋቱ ውጤት ከላይ እስከ ታች ተዘረገፈ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሃኒ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። «እስቲ ይድገሙልኝ» አለች። ደገመችላት። ሃኒ ወደ ራሷ ቢሮ ሄዳ፣ በራሷ ኮምፒውተር፣ በሠርካዲስ ስም ሞከረች። የይለፍ ቃል ተጠየቀች። ተመልሳ መጣች።

«ጥሩ ነው። ግን ሲወጡ ይህ ክፍል ይቆለፍ።»

«ቁልፉ እኔ ኪስ ነው» አለች ሠርካዲስ።

ሐሙስ አዲሱ የይለፍ ቃል እንደ ወትሮው በታሸገ ፖስታ መጣ። ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቆሟል።

«ስም?»

«ኦልጅራ።»

«በሳድሱ ጅ ነው በሣልሱ?»

ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። ሠርካዲስ በሁለቱም ፈለገች። በሣልሱ አገኘችው።