አንድ ትሪ ይበቃናል

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ምሳውን የት እንብላ በሚል ቤተሰቡ ሊጣላ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጅቷ ሥጋ አትበላም። ገና ትንሽ ሳለች ነው የተወችው፤ ለምን ሲሏት ትከሻዋን ከፍ ታደርጋለች። እናቷ ቁርአን አስቀራችባት፣ እኔ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሁለታችንም አፍረን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ድግስ ባለ ቁጥር «ለእሷስ ምን ይሠራ?» እያልን ማማረር ልማዳችን ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ግን የምግባችን ችግር የጀመረው እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። እኛ ከወለጋ መጥተን አሶሳ የከረምን ኦርቶዶክሶች ነን። ታናሽ እህቴ ገና በወጣትነቷ የአካባቢውን ተወላጅ፣ አንድ የበርታ ነጋዴ አግብታ ሰለመች። አባታችን ለረጅም ጊዜ ስሟ ቤት ውስጥ እንዳይጠራ አደረገ። ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠያየቃለን።

እሷ እኔ ቤት ስትመጣ ሙስሊም ጎረቤት ጠርቼ አሳርድላታለሁ። በተለየ ድስት ይሠራል፣ በተለየ ትሪ ይቀርብላታል። እኔም እሷ ቤት ስሄድ እንዲሁ በክርስቲያን እጅ ይታረድልኛል። በበዓል ቀን ለመጣ እንግዳ ሽሮ ማቅረብ የማይታሰብ ነውር ስለሆነ፣ እሷ በዚያ በኩል እኔ በዚህ በኩል ተቀምጠን «ብይ እንጂ፣ ምነው አልበላሽም» እየተባባልን ኖረናል። አንድ ላይ እንዳንበላ ማንም አልከለከለንም። የለያየን መከባበሩ ነው።

ከእህቴ ጋር ከአንድ ትሪ ለመጨረሻ ጊዜ የበላሁበትን ቀን አላስታውሰውም፤ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የመጨረሻችን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ልብ ብዬ እበላ ነበር። ልጆች ሳለን እናታችን የምታቀርብልን በአንድ ሳህን ነበር። እህቴ ፈጣን ናት። እኔ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳላላምጥ የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ በኩል ትሻገራለች፤ እኔም እጇን ቸብ አደርጋታለሁ፤ እሷም ታለቅሳለች። ይኸው ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ ያ ወጥ የነካው ትንሽ እጅ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእሷም ቢሆን።

የምሳውን ነገር ለመምከር እህቴ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ታላቅ ወንድማችንም ከባምባሲ መጥቶ ነበር። ለእሱ ሥጋ የሌለበት ግብዣ ከለቅሶ አይለይም። የእህቴ ባል እርዱም ድስቱም ሁለት ዓይነት እየሆነ ሚስቱ በደስታዋ ቀን ማድ ቤት እንዳትውል ፈልጎ፣ ምግብ ቤት ይሁን አለ። ይሁን ተባለ፤ ግን የቱ? በከተማችን አንዱ ምግብ ቤት በሩ ላይ መስቀል ያስላል፣ ሌላው ጨረቃና ኮከብ። ወደ አንደኛው ብንሄድ ግማሻችን ሲበላ ግማሻችን ለስላሳ እየጠጣን ልናይ ነው።

ወንድሜ ብዙ አሰበና መፍትሔ አገኘሁ አለ፤ አሳ። አሳ አራጅ ስለማይፈልግ ሁላችንም እንበላዋለን። እውነት ነው ብለን በጣም ደስ አለን፤ የእህቴ ባል ጥሩ አሳ የሚጠብስ ቤት እንኳ ጠቆመ። ይሄኔ ልጅቷ በትሕትና አሳም እንደማትበላ ተናገረች። ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ «ታዲያ ሣር እናጭድልሽ?» አላት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች። ከዚያ ተማሪ ሆና ስትመገብበት የነበረ አንድ ትንሽ ቤት እንዳለ ነገረችን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጾም ሆነ ፍስክ ሳትል ሳምንቱን ሙሉ በያይነቱ ነው የምትሠራው፤ ሥጋ የነካ ድስት ቤቷ ውስጥ የለም።

ወንድሜ ጉዳዩን እንደ ስድብ ቆጠረው። የሐዋርያትን ጾም ፈትቶ ገና አፉ ሳይረሳው ተመልሶ ምስርና ጎመን? ለዚያውም ለምረቃ? ሰውስ ምን ይለናል? እኔም በሆዴ ከእሱ ጋር ነበርኩ፤ ልጃችን ያን ያህል ለፍታ ተምራ በሽሮ መሸኘቷ አሳፈረኝ። የእህቴ ባል አማርኛ የተማረው ገበያ ውስጥ ነው፤ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ይላል። «ወላሂ፣ ቀኑ የልጅ ነው። እሱ የሚበላውን እኛ እንበላለን፤ ሰው የፈለገ ይበል» አለ።

እህቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኦቾሎኒ ትፈለፍል ነበር። ቀና ሳትል፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ ተናገረች።

«እዚያ ከሆነ አንድ ትሪ ይበቃናል።»

ማንም ልብ አላላትም፤ ወንድሜ ክርክሩን ቀጠለ። እኔ ግን ሰማኋት። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የናፈቅሁ ይመስለኝ ነበር። ወዲያው ወንድሜን ከዳሁትና በያይነቱ ይሁን አልኩ። ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ልጅቷ ያባበለችኝ ይመስለዋል።

የምረቃው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። በሁለት ባጃጅ ተጣበን ደረስን። ቤቷ ቆርቆሮ ናት፤ ከዝናቡ የተነሣ መነጋገር አይቻልም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅቷን አቅፋ ስማ ወደ እኛ ዞር አለችና የእኔን ነጠላ፣ የእህቴን ሂጃብ አየች። ምንም ሳትጠይቅ ሁለት ትሪ አምጥታ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ለየብቻ አስቀመጠችልን። ክፋት የለባትም፤ እንግዳ አከብራለሁ ብላ ነው። እኛስ ብንሆን! እኔና ወንድሜ ሳናስበው ወደ አንዱ ጠረጴዛ ሄደን ተቀምጠናል፣ እህቴና ባሏም ወደ ሌላው። እህቴ ከዚያ ማዶ አየችኝ። «ነይ» ማለት ስንት ጉልበት ይጠይቃል? አንዳችንም አላልነውም።

ጠረጴዛውን የገፋችው ልጅቷ ናት። የምረቃ ልብሷን እንደለበሰች ከጠረጴዛችን ጋር አገጣጠመችው፤ ከዚያ የእኛን ትሪ አንሥታ በእነሱው ላይ ገለበጠችው። ምስሩ ከጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ከሽሮው ተደባለቀ። ወንድሜ «አበላሸሽው» አላት። እሷ እናቷን ክንዷን ይዛ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠቻት።

እህቴ የጣቶቿ ጫፍ ላይ ሂና ነበራት። አንዲት የምድጃ ቃጠሎ ጠባሳም አየሁ፤ መቼ እንደተቃጠለች አላውቅም። ይህን ያህል ቀርቤ እጇን ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እንደምንም ጠቅልዬ አጎረስኳት፤ አፏን ከፍታ ተቀበለችኝ። ሁለተኛውን ሳልጠቀልል እንባዬ ቀደመኝና በርበሬው ነው አልኩ። ሽሮው አልጫ ነበር። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነችልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ማንቡክ ከተማ ሥራ አገኘች። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አትመጣም። እህቴና እኔ ሸኝተናት ተመለስን። ልጃችን ብቻ ሳትሆን ሰበባችንም ሄዳለች። እሷ ከሌለች ለማን ተብሎ በበዓል ቀን ሽሮ ይሠራል? ማንስ ጠረጴዛ ይገፋል? ስልክ ስንደዋወል ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ እናወራለን። ስለዚያ ምሳ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

መውሊድ ሲደርስ እንደ ወጉ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለእኔ የተገዛች ዶሮ እግሯን ታስራ ተኝታለች። የእህቴ ባል ደስ ብሎት ተቀበለኝና ክርስቲያኑን ጎረቤት ጠርቶ ሊያሳርድልኝ ጫማውን ማድረግ ጀመረ። እህቴ በእጇ ማማሰያ እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አትጥራው። እኔ ሥጋ ትቻለሁ።»

የእህቴ ባል ደንግጦ ምን እንዳመመኝ ጠየቀኝ። እህቴ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«ከመቼ ወዲህ?» አለችኝ።

«ከዛሬ ጠዋት።»

ማማሰያውን ለባሏ አስያዘችው። ጎንበስ ብላ የዶሮዋን እግር ፈታችና ማድ ቤት ገባች። የበዓሉ ወጥ ለሌሎቹ ልጆቿና ለእንግዶቹ ሲወጣ ከውስጥ ድምጿን እሰማ ነበር። ስትመለስ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ በአንድ ትሪ ይዛ መጣች። የእጅ ውሃ አስታጠበችኝ፣ እሷም ታጠበች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እንግዲያው እኔም ለዛሬ ትቼዋለሁ» አለች።