ታጥቦ የመጣው ገብስ

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ከዩኒቨርሲቲው የጥናት ገንዘብ አገኙ። ገበሬው ነቀዝ እንዳይበላበት እህሉ ላይ የሚነሰንሰው ዲዲቲ የተባለ የተባይ መርዝ ከሰው ገበታ ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ገንዘቡ የተፈቀደው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ሰጪው ኮሚቴ በመጋቢት ተሰብስቦ ከየጎታው የመጣውን እህል የምርመራ ውጤት ካላየ ጥናቱ እዚያው ላይ እንደሚቆም መምህሬ ደጋግመው ነግረውኛል። እህሉን እንዳመጣ እኔን የመረጡኝ እህሉ የሚመጣበት የአገው አገር ልጅ በመሆኔ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ እንደማላውቅ ግን አላሰቡበትም፤ ወይም አስበውበት ዝም ብለዋል።

በጥር ዕረፍት ሃያ ባዶ ጠርሙስ ጭድ በሞላው ሣጥን ይዤ ዳንግላ አባቴ ቤት ገባሁ። ሣጥኑን እዚያ አስቀምጬ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወደሚኖሩት አክስቴ ሄድሁ። አዲሱ ገብስ ጎታ የገባበት ሰሞን ነበር፤ ከገበያ የተገዛው ነጭ የዲዲቲ ዱቄትም አብሮት ገብቷል። እኔ አገውኛ የምሰማው በጥቂቱ ነው፤ አክስቴ ግን ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ይናገራሉ።

በዚያ አገር በሰው ጎታ ውስጥ እጅ አይከተትም። ባዕድ እጅ የገባበት ጎታ ረድኤት ይርቀዋል ይባላል። ስለዚህ አክስቴ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ለሴቶቹ ነግሬ ራሳቸው እንዲያመጡ አደርጋለሁ አሉኝ። ደስ አለኝ። ከሃያ እማወራዎች ጋር አንድ በአንድ ከመነጋገር ተገላገልሁ ብዬ አክስቴ ከግቢ ግቢ ሲዞሩ እኔ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ቁጥር ስጽፍ ዋልሁ።

በሦስተኛው ቀን ሃያውም ቋጠሮ ደረሰልኝ። ዳንግላ ተመልሼ ወደ ጠርሙስ ልገለብጥ የመጀመሪያውን ስፈታ ገብሱ ያበራል። እብቅ የለበትም፣ ነጭ ዱቄት የለበትም፣ የሚሸተው ፀሐይ ፀሐይ ነው። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሃያውም እንደዚያው ነበር። ለኮሌጅ የሚላክ እህል ነው የተባለች ሴት ሁሉ አጥባ፣ አስጥታ፣ አበጥራ ልካልኛለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ የመጋቢቱ ኮሚቴ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። እንዲሁ ብልከው ምንም አልተገኘበትም ተብሎ ጥናቱ ይዘጋል፤ ዱቄቱ ግን ጎታው ውስጥ አለ፤ የሴቶቹም እጅ ላይ አለ።

በማግስቱ ተመለስሁ። አክስቴ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ቆሻሻውን አምጡ ብሎ ሰው መጠየቅ ከአፋቸው እንደማይወጣ፣ ከፈለግሁ ራሴ እንድናገር ነገሩኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ተነሥቼ ቆምሁ። ያመጡልኝ ገብስ እጅግ ንጹሕ እንደሆነ፣ ጥፋቱም አስቀድሜ በደንብ ያላስረዳሁት የእኔ እንደሆነ፣ የምፈልገው ግን ከጎታ እንደወጣ ከነዱቄቱ ያለውን መሆኑን አብዛኞቹ በሚሰሙት በአማርኛ ተናገርሁ።

በመንደሩ በገብሳቸው የታወቁ አንዲት ባልቴት በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ አክስቴ ግን አልተረጎሙልኝም። ከዚያ ባልቴቷ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ገብሴን ከነጉዱ አዲስ አበባ ልትወስጂው ነው? የዘንገና ሴት እህል ማጠብ አታውቅም እንዲሉን?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ነው የምወስደው እማማ» አልሁ። «የታጠበውን ካልታጠበው ጎን አስቀምጣለሁ። እጃችሁ ምን እንደሠራ እነሱም ይዩት።»

ባልቴቷ ቀረብ አሉኝ። «እንዲያ ከሆነ የእኔን በደንብ ምልክት አድርጊበት። ከጎረቤቴ እንዳይደባለቅ።»

«የእርስዎማ አይጠፋትም» አሉ ጎረቤታቸው፤ «በጠጠሩ ታውቀዋለች።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው። እስከ ማታ ያልታጠበው ሃያ ቋጠሮ ተሟላ፤ የጎረቤትየዋ ገብስ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ።

አሁን ደግሞ ሃያ ጠርሙስ ጎደለኝ። ዳንግላ ውስጥ የተገኘው የአረቄ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ጋሪ ላይ ጭኜ በገበያው መካከል ሳልፍ ጠርሙሱ ይንቃጨላል፣ ሰው ይዞራል። ጋሪ ነጂው ሠርግ ነው ወይስ ተዝካር ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁና ኮሌጅ ነው አልሁት። ፈረሱን እስኪያቆም ሳቀ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ጠርሙሶቹን ቤት አግብቼ ሽታቸው እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ አጠብኋቸው።

በመጋቢት መምህሬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ካልታጠበው ገብስ ዱቄቱ በደንብ ተገኝቷል። ከታጠበው ብዙው ሄዷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መታጠቡ ምን ያህል እንደሚረዳ እኛ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብንም ነበር አሉኝ። ኮሚቴው የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ የፈቀደውም ይህንኑ ጥያቄ በጥናቱ ላይ ጨምሮ ነው። ያን ቀን ደረጃውን በሩጫ ወረድሁ። ውጤቱን ለአክስቴ ጻፍሁላቸው፤ ገብሱን ደጋግመው እንዲያጥቡ፣ የሚቻላቸውም ዱቄቱን እንዲተዉት ለሴቶቹ ይንገሩልኝ አልሁ።

በሚቀጥለው ጥር ስመለስ ባልቴቷ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ከሰላምታ በፊት በእጥበቱ ማን እንደበለጠ ጠየቁኝ። የማንም ስም እንደማይነገር ሳስረዳቸው፣ እሳቸው መሆናቸውን ዓይኔ ነግሯቸዋል አሉና እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝ። የጎታውን ክዳን አነሡት።

«እጅሽን ክተቺ።»

አመነታሁ። ረድኤቱስ ልል ስጀምር ባለጎታዋ እኔ አይደለሁም ወይ ብለው ክንዴን ገፋ አደረጉት። ገብሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ በመካከሉ እንደ አሸዋ የደቀቀ ነገር በጣቶቼ መካከል ይፈስሳል። በዱቄቱ ፋንታ የገባ ጤፍ ነው። ዱቄቱ ወደ ገበያ ከመምጣቱ በፊት እናታቸው ጤፉ የገብሱን ክፍተት ሞልቶ ነቀዝ እንዳይገባ እንዲህ ይቀላቅሉ እንደነበር ነገሩኝ።

እጄን ሳወጣ ጤፉ እስከ ክርኔ ተለጥፎብኛል። ባልቴቷ እየሳቁ ክንዴን ጎታው አፍ ላይ ይዘው አንድም ፍሬ ሳይባክን አራገፉልኝ።