ሐድጉ ለግራ እጅ የሠራው ጊታር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ሲያበቃ ምን ይሆናል? በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ስማር በዚህ ጥያቄ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። አሁን ሲመጣብኝ የማስበው ጓደኛዬን ሐድጉን ነው፤ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ፣ መስታወት ውስጥ የተሰቀለውን ጊታሩንም።

ሐድጉ ፒያሳ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የውጭ ጊታሮችን እያየ የራሱን ኤሌክትሪክ ጊታር ነደፈ፤ ገላው ዋንዛ፣ አንዱ ትከሻው እንደ በሬ ቀንድ ወጣ ያለ፣ ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት ከተበላሹ ሬዲዮኖች በተፈታ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ። በ1963 ዓ.ም. ማስታወቂያ ማሳተም ፈለገ። እሱ ጊታሩን ታቅፎ ፎቶ ተነሳ፤ ጽሑፉን እኔ ጻፍኩ። «የአገር እንጨት፣ የዘመን ድምፅ።» በዚያች መስመር እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ትንሽም እኮራለሁ።

ማተሚያ ቤቱ የሙከራውን ወረቀት ሲሰጠኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ፎቶውን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ የተማረ ሰው ዓይኑ ፊደል ላይ ነዋ! ከአምስት መቶው ፖስተር አብዛኛው በፒያሳ ግድግዳ ሁሉ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው ፎቶው ግራ ቀኙ ተገልብጦ መታተሙ የታወቀው። ሐድጉ ጊታሩን በግራ እጁ ሲመታ ይታያል።

የአራዳ ሰው መቀለጃ ሲያገኝ!

«ሐድጉ፣ በግራዋ የምታጎርስ ሙሽራ አመጣህብን እኮ!» አለው ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ፋሩቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ቆይ፣ አንተንም ታጎርስሃለች» አለው ሐድጉ።

እኔን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ወረቀቱ አንዴ ወጥቷል። ሐድጉ የሌለውን ዕቃ አሳየ ከምባል ሠርቼ ባስገኘው ይሻላል» አለኝ። ሦስት ወር ፈጀበት። ልክ እንደ ፖስተሩ፣ ቀንዱም ክሮቹም በተቃራኒው ሆኑ። በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ እንደ እሱ ያማረ አላየሁም።

የሚመታው ግን ጠፋ። በእኛ ዘመን ግራኝ ሆኖ የተወለደ ሰው መቼ ታጣ? ነገር ግን እናቶቻችን ማዕድ ላይ ግራችንን እየመቱ፣ መምህሮቻችን እርሳስ እያስጣሉ፣ ሁላችንንም ቀኝ አድርገውን ነበር። ሐድጉ ራሱ ቀኝ ነው። ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ይቃኘዋል እንጂ ከዚያ ጊታር ዜማ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ሌሎቹ ጊታሮች በየሰርጉና በየምሽት ክበቡ ተመቱ፣ ተሰበሩ፣ ተሰረቁ፤ አለቁ። ይኸኛው ማንም ስላልነካው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ ተረፈ።

የሱቁ ሰፈር ሲፈርስ ጊታሩንና የቀሩትን ሁለት ፖስተሮች እየሩስ የምትባል ባለካፌ ገዛቻቸው። ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። ሰው ሁሉ ከፊታቸው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሐድጉ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ማኪያቶ ሊጠጣ ይመጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል።

አንድ ቀን አስተናጋጇ ፍዮሪ ትዕዛዛችንን ስትጽፍ የሐድጉ ዓይን እጇ ላይ ፈዞ ቀረ። እስክሪብቶው በግራዋ ነው።

«ልጄ፣ ጊታር ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ፣ አባባ። የወንድሜን ገልብጬ ነው የምይዘው፤ ይስቅብኛል።»

ሐድጉ እየሩስን ጠራት። «ያንን አውርደሽ ለዚህች ልጅ አንድ ሰዓት ስጫት። ልስማው።»

«ውይ አባባ፣ እሱ እኮ ቅርስ ነው! ቢጫርስ? መስታወቱም በብሎን ታስሯል።»

«ብሎኑን እኔ እፈታዋለሁ።»

«እሺ፣ ለገና እናወርደዋለን።»

ገና አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ሐድጉ በገባ ቁጥር ፍዮሪን ያያል፤ እሷም ከባንኮኒው ጀርባ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዛሬም አልተፈቀደም ማለቷ ነው።

ሰኔ ላይ አልጋ ያዘ። ልጠይቀው ስሄድ ስለ መስማት አላነሳብኝም። ያሳሰበው ሌላ ነበር። ሳጥን ውስጥ ሳለ ክሩን አላልቶ ነበር የሚያስቀምጠው፤ እየሩስ ግን ለዓይን እንዲያምር አስወጥራዋለች። ክሩ እንደተወጠረ ከከረመ የጊታሩ አንገት ይጎብጣል፤ ያኔ የሚመታው ቢገኝም ዜማ አይወጣውም። ለእየሩስ የምነግርለትን ቃል ነገረኝ።

ነገርኳት። ፖስተሩን በጣቷ አሳየችኝ። «እዩት እንጂ አባባ፣ እዚህ ላይ ክሩ ቀጥ ያለ ነው። እንደ ማስታወቂያው ካልሆነ ምን ትርጉም አለው?» ያንን የተሳሳተ ወረቀት ፎቶውን ሳላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ ልላት አፌ አልታዘዘልኝም።

ሐድጉ ነሐሴ ላይ ተቀበረ። ጊታሩ ዛሬም እንደተወጠረ ነው፤ አንገቱ ጎበጥ ማለት ጀምሯል። በእኔ በኩል የላከው ቃል ይህ ነበር፦

«የሚመታው እንኳ ባይፈቀድለት፣ ክሩን አላሉለት። ይረፍ።»