አልጋ የመሰሉ ካርቶኖች

ሰፈርተኛው ችኩሏ ይላታል፤ እውነት አለው። ቁጭ ብላ ስትበላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ማሸጊያ ፕላስተር ይዛ አንሶላና ብርድ ልብስ በኢንተርኔት ትሸጣለች። ሱቋ ደግሞ ከእናቷ ጋር የተከራየችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው።

አከራዩ ምድር ቤት ይኖራሉ። የኪራይ ውሉ ላይ "ለመኖሪያ ብቻ" ስለሚል፣ ችኩሏ ዘዴ ፈጠረች። ዕቃው የታጨቀባቸውን ካርቶኖች ደርድራ ፍራሽ ጣል፣ አንሶላ ዘርጋ ታደርግባቸዋለች፤ በቃ፣ አልጋ ሆነ። ሁለት ሰው የሚኖርበት ቤት አምስት አልጋ አለው፣ ጉድ እኮ ነው! እናቷንም አሠልጥናታለች። "እማዬ፣ ፋይል የያዘ ሰው ከመጣ እዚህ ቤት የሚሸጥ ነገር የለም። አልጋው ዘመድ ስለሚበዛብን ነው።" ምስኪን እናቷ መጀመሪያ ላይ ስትዋሽ ትንተባተብ ነበር፤ ኋላ ግን ተካነችበት።

ባለፈው ዓመት የላይኛው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ የዕቃዋ ሲሶ ተበላሸ። "ዘንድሮ ከተደገመ አለቀልኝ" አለች ችኩሏ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ነው። ኢንሹራንስ ፍለጋ ወጣች። አንደኛው ቢሮ "ሱቅ ከሌለሽ ነጋዴ አይደለሽም" አላት። ሁለተኛው የጠራው ዓመታዊ ክፍያ የሦስት ወር ትርፏን ጠራርጎ የሚወስድ ሆነ። ሦስተኛው ስልክ ላይ ሙዚቃ ሲያስደምጣት ቆይቶ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። አራተኛው ጋ ግን ቀናት፤ ቤታቸው ሆነው ለሚነግዱ ሰዎች የተዘጋጀ፣ በየወሩ የሚከፈል፣ ለእሷ አቅም የሚሆን ውል አላቸው። ብቻ ገማች መጥቶ ዕቃውን ማየት አለበት። ቀኑን አስያዘች። ለእናቷ መንገሩን ግን፣ ያ ጥድፊያዋ አይለቃት፣ ረሳችው።

በቀጠሮው ዕለት አንዲት ደንበኛ ስትጨቀጭቃት "አሥር ደቂቃ" ብላ ጥቅል ልታደርስ ወጣች። ገማቹ ፋይሉን ይዞ ከች አለ።

"እማማ፣ ከኢንሹራንስ ነው የመጣሁት። የሚሸጠው ዕቃ የት ነው?"

ለእናቷ የአከራዩ ሰላይ መሰላት። "የምን ዕቃ ልጄ? ተሳስተህ ነው። እኛ ዘመድ ነው የሚበዛብን።"

"ልጅዎ አንሶላ ትሸጣለች ተብሎ ነበር።"

"የኔ ልጅ? እሷ አንሶላ ማጠፍም አታውቅ!" ብላ አንዱ አልጋ ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃም አቀረበችለት። ሰውየው ሁለት መቶ አንሶላ ላይ ተቀምጦ "የሚሸጥ ዕቃ አልተገኘም" ብሎ ጻፈ።

ችኩሏ ደረጃው ላይ አገኘችው። "ጨረስኩ፤ ምንም የለም" አላት።

"ምንም?!" እጁን ይዛ እየጎተተች መለሰችው። ገብታ አንሶላውን ገፈፈች፤ ፍራሹን ወዲያ ወረወረች። እናቷ በድንጋጤ አፏን ያዘች። "ምነው ልጄ፣ አበድሽ እንዴ? ፋይል ይዟል እኮ!"

ገማቹ ሳቁን ውጦ ካርቶኖቹን አየ፣ መዘገበ። "ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አከራይሽ ያውቃሉ? እዚህ ጋ እሳቸው መፈረም አለባቸው። ራስሽ ፈርመሽ ከተደረሰበት ግን ውሉ አይጸናም።"

ብትነግራቸው ከቤት መውጣት አለ፤ ብትተወው ያለ ኢንሹራንስ መቅረት አለ። ችኩሏ እንደ ልማዷ አቋራጭ ፈለገች። "እማዬ፣ ጋሼ ያውቁ የለ እንዴ? ያለ ፊርማም እንዲያልፈን ንገሪው እስቲ።"

እናቷ "አልችልም" አለች። "አራት ዓመት ዋሸሁልሽ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ጎረቤት ግቢ ብዬ አላውቅም። አምስት አልጋ ዘርግቼ ብቻዬን ነው የምውለው። ደከመኝ፣ ልጄ።"

ችኩሏ አፈረች፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ቅጹን ይዛ ወርዳ የአከራዩን በር አንኳኳች። "ጋሼ፣ ቤት ውስጥ እነግዳለሁ። ውል አፍርሻለሁ። ውጪ ካሉኝም እወጣለሁ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ፈልገው ቅጹን ሁለቴ አነበቡ። እሷ እግሯን እያወዛወዘች ጥፍሯን በላች።

"እናትሽ ደረጃ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉት ለዚህ ነው?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ እኮ ምን በደልኳቸው እያልኩ ነው የኖርኩት።" ፈረሙና "መተላለፊያው ላይ ካርቶን እንዳላይ!" ብለው ቅጹን መለሱላት።

ወጥታ ለእናቷ ያሉትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ ሻሿን አስተካክላ፣ በሩን ሳትዘጋ፣ ሰላም ልትላቸው ወረደች።