የፔኒአታ ትራፊ

ወንድሜ ፔኒአታ ክፉ ሰው አይደለም። የቤተሰቡ አለቃ ከሆነ ጀምሮ ለማንም ፊት ነስቶ አያውቅም፤ መንገደኛ ካየ "ግባ፣ ብላ!" ነው። እኛ ሳሞአዎች እንደምናደርገው፣ እሱና እንግዳው ሲበሉ ልጆቹ ቆመው ዝንብ እንዳያርፍባቸው ያራግቡላቸዋል፤ የተረፈውን በኋላ ይበላሉ።

ዘንድሮ የመንደራችን ሴቶች ማኅበር ልጆች እየከሱ መምጣታቸውን አይቶ ለችግረኛ ቤቶች እንቁላል ጣይ ዶሮ አከፋፈለ፤ ማንጎው ዛፍ ላይም ልጆቹን በየወሩ የምንመዝንበት ሚዛን ሰቀለ። የፔኒአታን የልጅ ልጅ ፉአታይን ሳነሳት ክንዴ ላይ ቀለለችብኝ። ክብደቷ ካለፈው ወር ቀንሷል።

"ታማ ነበር?" አልኳት እናቷን ሲሊያን።

"ኧረ ደህና ናት፣ እትዬ።"

"የሰጠናችሁ ዶሮ እንቁላልስ?"

አንገቷን ደፋች። "እንግዳ በላው።"

ማኅበሩ በየቤቱ ልጆች ቀድመው እንዲበሉ ወሰነ። ለፔኒአታ ማን ይንገረው? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ እህት የተናገረችውን ወንድም አይገፋም።

ስደርስ ዓሣ እየበላ ነበር፤ ሲሊያ ታስተናግደዋለች።

"እታለም፣ ነይ ብዪ!"

"የፉአታይን ልብላባት እንዴ?"

ሳቀ። "ምን ሆነሻል? ሁልጊዜ አስተርፋለሁ እኮ!"

"አዎ፣ እሾሁን። ልጅቷ እየከሳች ነው፤ የመዘንኳት እኔ ነኝ።"

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። ወደ ሲሊያ ዞረ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ እየበሉ? ምን ብዬ፣ አባባ?"

በማግስቱ እኔው ባለሁበት የዓሣውን እሾህ ራሱ ለቀመ፤ ጎደሬውን በኮኮናት ወተት አርሶ ፉአታይ ፊት አስቀመጠላት። ልጅቷ ማራገቢያዋን አንስታ አጠገቡ ቆመች።

"ያንቺ ነው፣ የኔ እናት። ብዪ።"

"እሺ፣ አባባ።"

ማራገቧን ግን አላቆመችም። "መጀመሪያ እርስዎ ይጥገቡ" አለችው።

የፔኒአታ ፊት ጠቆረ። የእኛ አገር ቤት ግድግዳ የለውም፤ የትም ቢቀመጥ ታየዋለች። ተነስቶ ከማብሰያው ጎጆ ጀርባ ሄደና የኮኮናት ልጣጭ ክምር ላይ ተቀመጠ። ተከተልኩት።

"ጀመረች?" አለኝ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። "ዙሪያዋን እያየች ነው።"

"አሁንስ?"

"ጎረሰች።"

ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "ለእኔ እንዳታስቀር ንገሪያት። እስክትጨርስ አልመጣም።"

ሄድኩ። ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ለይታ በቅጠል ሸፍናው ነበር። ገልጬ አጎረስኳት።