ቤሌ ላይ የሚተነፍሰው ጉድጓድ

ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጣን። ማለዳ መነሳት ስለሚያናድደኝ ሾፌሩ "እንደምን አደርሽ?" ሲለኝ መልሴ ጉርምርምታ ነበር። የምሄደው ቤሌ አካባቢ የተተከለችውን አዲሷን መቆፈሪያችንን ለማየት ነው። ነዳጅና ጋዝ የሚፈልጉት ትልልቅ ማሽኖች ሰፊ መንገድና ሰፊ መሬት ይጠይቃሉ። የእኛዋ በአንድ አይሱዙ ተጭና ትደርሳለች፤ የምትቆፍረው ጉድጓድም አፉ ከሻይ ብርጭቆ ብዙ አይሰፋም። የእኔ ድርሻ ከጉድጓዱ የወጣውን ድንጋይ መርምሬ ቁፋሮው ይቀጥል ወይስ ይቁም ብዬ መወሰን ነበር።

ሶዶ

ቡታጅራንና ሆሳዕናን አልፈን አረካ ላይ አቮካዶ ገዛን። በሃምሳ ብር ፌስታል ሙሉ ሲሰጡኝ አዲስ አበባ የምከፍለውን አስቤ ተናደድኩ። ሶዶ ስንገባ ዳሞታ ተራራ ጉም ውስጥ ነበር። ምሳ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በላን። ዳጣው ሲያስለቅሰኝ አስተናጋጁ "ለእንግዳ ብለን ቀንሰነው ነው እኮ!" ብሎ አሾፈብኝ።

ቤሌ

ከሶዶ ወደ ምዕራብ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። መቆፈሪያዋ የቆመችው የአቶ ላሊሶ ማሳ ጫፍ ላይ ነው። ከሥሯ፣ ተዳፋቱ የሚያልቅበት ጎድጓዳ ላይ፣ የእሳቸውና የባለቤታቸው የወይዘሮ አስቴር ሣር ቤት አለ። በአገሩ ልማድ ከብትና ሰው አንድ ጣራ ሥር ስለሚያድሩ ጥጃቸው ታች በኩል ታስራለች።

የቁፋሮው ኃላፊ ሙሉጌታ እየሮጠ ተቀበለኝ። "ጋዝ አገኘን! ነይ ስሚው!"

ጆሮዬን አቀረብኩ። ጉድጓዱ እንደ ተኛ ሰው ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ያወጣል። እጄን አፉ ላይ ሳደርግ ትንፋሹ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አላለኝም።

"የጋዝ መለኪያው ምን አለ?" አልኩት።

"ዜሮ። ስለዚህ ጉዳት የለውም። ነገ አለቆች ይመጣሉ፣ ድምፁን በጆሯቸው ይስሙት። እስከዚያ ክፍት ይደር።"

መለኪያው የሚያውቀው የሚነድ ጋዝ ብቻ ነው። እኛ ነዳጅ ፈላጊዎች የማይነድ ነገር ሁሉ ከአየር እኩል ነው የሚመስለን።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ቆመ። መንገድ ላይ ጆሮ የሚያደነቁር የወፍ ጫጫታ ነበር፤ እዚህ ግን አንድም አይጮህም። ወደ ቤቱ ወረድኩ። አቶ ላሊሶ ከእንሰቱ ሥር ቆመዋል።

"ልጄ፣ ዶሮው ዛሬ ምን ሆኖ ነው? ሳይመሽ ተኝቷል" አሉኝ።

ዶሮዎቹ ጎድጓዳው ውስጥ ዓይናቸውን እንደ ከፈቱ ተጋድመዋል። ቁስል የላቸውም። አንዷን ለመንካት ጎንበስ ስል ራሴ ከበደኝ። ክብሪት ጫርኩ። ደረቴ ላይ ነደደ፤ ወደ ጉልበቴ ሳወርደው ድርግም አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ያኔ ፈራሁ።

"ጎረቤት ሰይጣን ነው ይላል" አሉ አቶ ላሊሶ። "እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ሰይጣን ክብሪት አያጠፋም።"

"ከጉድጓዳችን የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አባባ። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። አይታይም፣ አይሸትም። ዛሬ ቤታችሁ ካደራችሁ አትነሱም።"

"ጥጃዬ!" ብለው ወደ ቤት ሮጡ።

እየጮኽኩ ተከተልኳቸው። ወይዘሮ አስቴር ከጓሮ መጡ። ጥጃዋ ራሷን መሬት ላይ ጥላለች። አቶ ላሊሶ ገመዱን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና ሳይጮሁ አጠገቧ ተኙ። እኔና ወይዘሮ አስቴር ትንፋሻችንን ይዘን በብብታቸው ጎትተን አወጣናቸው። ሽቅብ፣ ከመቆፈሪያዋም አልፈን ጎተትናቸው። እዚያ አሳላቸው፤ አስመለሳቸው፤ ዓይናቸውን ገለጡ። ለጥጃዋ የተመለሰ አልነበረም፤ እዚያው ሞተች።

ሙሉጌታ ገርጥቷል። ቢሆንም "ሰዎቹን ሌላ ቦታ እናሳድራቸው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ክፍት ይሁን። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠበቅኩት መሰለሽ" አለኝ።

"ከታች ስንት ቤት እንዳለ ቆጥረሃል? ነው ወይስ አንተ ልታድርበት ነው?"

ቁልቁል አየ፤ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል። "ሲሚንቶ አምጡ" አለ።

የቀጭን ጉድጓድ ደጉ ነገር ለመድፈን ብዙ አለመፍጀቱ ነው። ትንፋሹ እየሳሳ ሄደ፤ አንዴ አንኮራፋ፤ ቆመ። በማግስቱ ነፋስ ቤቱን አጸዳው። ሁሉንም ጥግ በክብሪት ፈተሽኩ፤ ሁሉም ቦታ ነደደ።

አዲስ አበባ

አለቃዬ ሪፖርቴን ሰምቶ "ታዲያ ምንም አልተገኘም ማለት ነው?" አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ከዚህ ጉዞ የተማርኩትም ይኸው ነበር፦ መለኪያችን ዜሮ ሲል "የምትፈልጉት የለም" ማለቱ እንጂ "ምንም የለም" ማለቱ አይደለም።

ቤቴ እንደ ገባሁ ቤሌ ደወልኩ። አቶ ላሊሶ አነሱ።

"ወደ ቤታችሁ ተመለሳችሁ?"

"ገብተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ።"

"ወይዘሮ አስቴርስ?"

"እሷ አትተኛም፣ ልጄ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ትንፋሼን ታዳምጣለች።"