የእትዬ ደወል ቁልፍ

ወሬው ከማኪያቶው አረፋ ቀድሞ ካፌው ደረሰ። እትዬ ደወል ደክሟት ሥራ ለቀቀች! ርዕሰ መምህርቷ ራሷ «ልረፍ» ብላ ለመነች፣ የቢሮዋን ቁልፍ ለምክትሏ አስረከበች፣ ግንባሩንም ስማ መረቀችው ተባለ።

ካፌው ግን ዓይኑን አጠበበ። ይቺ ሴት እኮ ትኩሳት ይዟት እንኳ በየማለዳው ደወሉን ራሷ የምትደውል ናት። ድምፁን የሰማ አርፋጅ ከሦስት ሰፈር ማዶ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አጥልቆ ይሮጥላታል።

«እሷና ድካም?» አለ ደጃፉ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ። «መጀመሪያ ደወሉ ይደክማል!»

ነገሩ የጀመረው ከበላይ ቢሮ በመጣ ትእዛዝ ነው። ዘንድሮ ተማሪ ከወደቀ ርዕሰ መምህሩም አብሮ ይወድቃል። የጎረቤት ትምህርት ቤቶች መላ አላጡም፤ ፈተናው ሳይደርስ ለደካማ ተማሪ መሸኛ ጽፎ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መገፍተር ነው። በዚያ ሰሞን መሸኛ የያዘ ልጅ ነፋስ እንዳነሳው ፌስታል ከግቢ ግቢ ሲንከራተት ከረመ። ሸኚው ብዙ፣ ተቀባይ የለም።

እትዬ ደወል ምክትሏን ጠራች። የገዛ ተማሪዋ የነበረ፣ ሥራ ያስቀጠረችው፣ በሠርጉ ቀን በሟች እናቱ ቦታ የቆመችለት ሰው ነው።

«የኔዎቹን አልሸኝም። ይፈተናሉ» አለችው። «ምን ትላለህ?»

«እትዬ፣ እርስዎን ይንሳኝ! ካባረሩንም አብረን እንባረራለን።»

ልጆቹ ተፈተኑ። ከደካማዎቹ ግማሾቹ ጉድ አሰኝተው አለፉ። ቢሮው የሚቆጥረው ግን የወደቁትን ነውና ስብሰባ ተጠራ።

«ይሄን ማን ወሰነ?» አለ የበላይ ቢሮው ኃላፊ።

እትዬ ደወል ወደ ጎኗ ዞረች። ምክትሏ አንገቱን አቅንቶ ኮርኒሱን እንደ ሐኪም ይመረምራል።

«እኔስ መክሬያት ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሺ አላለችም። ደክሟታል መሰለኝ።»

ከ«እትዬ» ወደ «እሷ» ለመውረድ አንድ ስብሰባ በቃት። ለኃላፊው ያዘጋጀችው መልስ አፏ ድረስ ሞልቶ ነበር። ለዚህኛው ግን ምንም አላዘጋጀችም። ማን ለልጁ ይዘጋጃል? ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በማግስቱ ማዶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ደወሉን ዘበኛው ሲደውል፣ እትዬ ደወል ካፌው ገባች። ማንኪያዎች ሁሉ ማማሰል አቆሙ።

ጫማ ጠጋኙ አላስቻለውም። «እትዬ፣ ደክሞዎት ነው የለቀቁት ይላሉ። ቁልፉንም መርቀው ሰጡት አሉ።»

ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«አልደከመኝም። አልለቀቅሁም፤ አባረሩኝ። አልሳምኩትም፣ አልመረቅሁትምም። ቁልፌም ይኸውና። ጓጉንቸሩን ሰብሮ ነው የገባው።»